ጨጓራው ካነሰ በኋላ
ውፍረትን ለመቀነስ ከሚደረግ ቀዶ ሕክምና የሚገኙ ያልታሰቡ ትምህርቶች



ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዋሽ ወንዝ ዳር የሚገኘው ሶደሬ፣ ከመሬት በሚፈልቀው ሙቅ ውኃው ምክንያት ለረጅም ዘመን የጤና ፈላጊዎች ማረፊያ ሆኖ ቆይቷል። ወገቡን የሚያመውም፣ ጉልበቱ የደከመውም፣ እንዲሁ ዕረፍት የፈለገውም ወደዚያ ይወርዳል። ከውጭ አገር ዘመድ ሲመጣም «ሶደሬ ወስደን እናዝናናው» ማለት በከተሞቻችን የተለመደ የፍቅር ግብዣ ነው። ከነዚህ እንግዶች መካከል ውፍረትን ለመቀነስ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ወንድሞችና እኅቶች ይገኙባቸዋል። አንዳንዶቹ ሕክምናውን በሚኖሩበት አገር አግኝተዋል፤ ሌሎቹም ወደ ሕንድና ወደ ቱርክ ተጉዘው አድርገውታል።

እንግዲህ ገበታው ይቀርባል፤ ዘመድ ይከባል፤ ጉርሻው ይዘረጋል። እንግዳው ሦስት ጉርሻ ወስዶ እጁን ይሰበስባል። ቤተሰቡ ያዝናል፤ «ምግባችንን ናቀው» የሚልም አይጠፋም። እንግዳው ዘመዶቹን ላለማስከፋት ብሎ ሲጨምር ደግሞ ያስመልሰዋል፤ ላብ ላብ ይለዋል፤ ልቡ ይመታል። በሁለቱም ወገን ክፋት የለም፤ የጎደለው እውቀት ብቻ ነው። የዚህ ጥናት ዓላማም ይህንኑ ጉድለት መሙላት ነው።

«ይህ የጠገበ አገር ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. የደረሰውን ረሃብ ያየ ትውልድ እንዲህ ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑት ሴቶች መካከል ከመቶ 22ቱ ከሚገባው በታች የከሱ ሲሆኑ፣ ከመቶ 8ቱ ደግሞ ከሚገባው በላይ የወፈሩ ነበሩ። ውፍረቱ በከተሞች ከገጠር ይልቅ እጅግ ይበዛል። ስለዚህ ሁለቱም ችግሮች በአንድ አገር፣ አልፎ አልፎም በአንድ ቁምስና ውስጥ ጎን ለጎን ይኖራሉ።

ሀ. ሕክምናው ምን ዓይነት ነው?

ከልክ ያለፈ ውፍረት የሚታወቀው በዓይን ግምት ሳይሆን በስሌት ነው። የሰውየው ቁመት በሜትር ተለክቶ በራሱ ይባዛል፤ ክብደቱም በኪሎ ግራም ተመዝኖ ለዚያ ቁጥር ይካፈላል። ለምሳሌ ቁመቱ 1.60 ሜትር የሆነ ሰው 102 ኪሎ ግራም ቢመዝን ውጤቱ 40 ያህል ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት 30 እና ከዚያ በላይ የሆነውን ውጤት ከልክ ያለፈ ውፍረት ይለዋል። በድርጅቱ ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 890 ሚሊዮን ያህል አዋቂዎች በዚህ ደረጃ ላይ ነበሩ። የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊት፣ የልብ ሕመም፣ የመገጣጠሚያ ሕመምና በእንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቆራረጥ ከዚህ ጋር ተያይዘው ይመጣሉ።

የቀዶ ሕክምናው ታሪክ የሚጀምረው ከአንድ አስተውሎት ነው። በአሜሪካ የአይዋ ዩኒቨርሲቲ የቀዶ ሕክምና ሐኪም የነበሩት ኤድዋርድ ሜሰን፣ በቁስለት ምክንያት የጨጓራቸው ክፍል ተቆርጦ የወጣላቸው ሴቶች ክብደት ለመጨመር ሲቸገሩ ተመለከቱ። በዚህም ተነሥተው ከባልደረባቸው ከቺካሺ ኢቶ ጋር እ.ኤ.አ. በ1966 ውፍረትን ለማከም ጨጓራን የሚያሳልፍ ቀዶ ሕክምና አደረጉ። ዛሬ በብዛት የሚሠሩት ሁለት ዓይነት ናቸው። በመጀመሪያው፣ ከጨጓራው አናት ላይ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ፣ ማለትም ከአንድ የቡና ስኒ የምታንስ ከረጢት ትለይና በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ትገናኛለች፤ ምግቡም የቀረውን ጨጓራና የትንሹን አንጀት መጀመሪያ ሳይነካ ያልፋል። በሁለተኛው፣ ከጨጓራው ከሦስት አራተኛ የማያንሰው ተቆርጦ ይወጣና የቀረው ሙዝ የመሰለ ቀጭን ቱቦ ይሆናል።

ለማን ይገባል የሚለውን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የተሰበሰቡ ሊቃውንት ውጤታቸው 40 እና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ወይም ከባድ ሕመም ተጨምሮባቸው 35 ለደረሱ ሰዎች ይሁን ብለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ የሙያው ማኅበራት መመዘኛውን ዝቅ አድርገው፣ ሌላ ሕመም ባይኖርም ከ35 ጀምሮ፣ የስኳር በሽታ ላለባቸው ደግሞ ከ30 ጀምሮ ሊታሰብበት እንደሚገባ አሳወቁ። ጥቅሙም የተፈተነ ነው። በስዊድን እ.ኤ.አ. በ1987 የተጀመረውና ከ4000 የሚበልጡ ሰዎችን የተከታተለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ውጤት፣ ቀዶ ሕክምናውን ያደረጉት ሰዎች የሞት መጠን ካላደረጉት በሩብ ገደማ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ ሕክምናው የቅንጦት ወይም የመልክ ጉዳይ ብቻ ነው ማለት ትክክል አይደለም።

ለ. አንደኛ ትምህርት፦ ረሃብ በፈቃድ ብቻ አይታዘዝም

ሐኪሞች ይህን ሕክምና ሲጀምሩ ጨጓራው ስለሚያንስ ሰውየው ጥቂት ይበላል፤ ጥቂት ስለሚበላም ይከሳል ብለው ነበር። ነገሩ ግን ከዚህ የጠለቀ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1999 ማሳያሱ ኮጂማና ኬንጂ ካንጋዋ የተባሉ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች፣ በአብዛኛው ከጨጓራ የሚመነጭና ለአንጎል የረሃብን መልእክት የሚያደርስ ግሬሊን የተባለ ሆርሞን አገኙ። ከሦስት ዓመት በኋላ በአሜሪካ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ምግብ በመቀነስ ብቻ የከሱ ሰዎች የዚህ ሆርሞን መጠን ሲጨምር፣ ጨጓራን የሚያሳልፈው ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ግን እጅግ ዝቅተኛ ሆኖ ታየ። ስለዚህ በራሱ ጥረት የከሳ ሰው ከበፊቱ ይልቅ ይርበዋል፤ ሰውነቱም ጉልበት መቆጠብ ይጀምራል። ብዙዎች ከስተው ተመልሰው የሚወፍሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላውም ያልታሰበ ነገር የስኳር በሽታን የሚመለከት ነው። ዋልተር ፖሪስ የተባሉ አሜሪካዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የስኳር በሽታ ከነበረባቸው 146 ታካሚዎቻቸው መካከል በ121ዱ ላይ የደማቸው ስኳር ወደ ጤናማ መጠን መመለሱን ገለጹ። ይህም መሻሻል ብዙውን ጊዜ ክብደቱ ገና ሳይቀንስ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ የታየ ነበር። ጨጓራና አንጀት ምግብን ከመፍጨት ሌላ የሰውነትን ሥርዓት የሚያዝዙ አካላት መሆናቸው ከዚህ ታወቀ። በእርግጥ በአንዳንዶች ላይ በሽታው ከዓመታት በኋላ ይመለሳል፤ ስለዚህ ክትትሉ አይቋረጥም።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ከዚህ ምን እንማራለን? ሆዳምነትን ከሰባቱ ዋና ዋና ኃጢአቶች አንዱ አድርገን እናስተምራለን፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን ኃጢአት የሚሆነው አውቆና ፈቅዶ ልክ ማለፍ እንጂ የሰውነት መጠን አይደለም። ቀጭን ሆዳም አለ፤ በልኩ እየበላም የሚወፍር አለ። በክፍል ውስጥ ስለ ሆዳምነት ስናስተምር ወፍራሙን ልጅ ዓይተን ፈገግ ካልን፣ ያስተማርነው ስለ ሆዳምነት ሳይሆን ስለ ንቀት ነው። ቀዶ ሕክምና ያደረገውን ሰውም «አቋራጭ ፈለገ፤ ራሱን መግታት አቅቶት ነው» ማለት አይገባም። ቀጥለን እንደምናየው፣ ከሕክምናው በኋላ የሚጠበቅበት ሥርዓት ከብዙዎቻችን ይልቅ የጠበቀ ነው።

ሐ. ሁለተኛ ትምህርት፦ ገበታው ከሥሩ ይለወጣል

የእኛ አመጋገብ እንጀራውን መሠረት አድርጎ ወጡን በጥቂቱ ያስከትላል። ጨጓራው ላነሰ ሰው ግን ይህ ቅደም ተከተል ይገለበጣል። ከረጢቷ በእንጀራ ከሞላች ሰውነት ለጡንቻና ለቁስል መዳኛ የሚፈልገው ፕሮቲን ቦታ አያገኝም። ስለዚህ አስቀድሞ እንቁላሉን፣ አይቡን፣ ዓሣውን፣ በደንብ የበሰለውን ሥጋ ወይም ምስሩንና ሽሮውን መብላት፣ እንጀራውን በመጨረሻ በጥቂቱ መቅመስ ይኖርበታል። ጉርሻው ትንሽ፣ ማኘኩ ረጅም ይሆናል። ጥሬ ሥጋና ጠንካራ ጥብስ በሚገባ ስለማይታኘኩ በጠባቡ መተላለፊያ ላይ ሊያስቸግሩ ይችላሉ። ፕሮቲን ሲያንስ ሰውነት ይደክማል፤ ጸጉርም ይረግፋል። ከቀዶ ሕክምናው ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ የሚታየው የጸጉር መርገፍ ብዙዎችን ያስደነግጣል፤ አመጋገቡ ከተስተካከለ ግን ጸጉሩ በአብዛኛው ይመለሳል።

መጠጥም ከምግብ ጋር አብሮ አይወሰድም። ከበሉ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል መቆየትና ከዚያ ውኃውን በትንሽ በትንሹ መጎንጨት ያስፈልጋል። አንድ ብርጭቆ በአንድ ትንፋሽ መጠጣት ስለማይቻል፣ ቀኑን ሙሉ እየተጎነጩ አንድ ሊትር ተኩል ማድረስ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። እንደ አዳማ፣ እንደ መተሐራና እንደ ሶደሬ ባለ ቆላ አገር ይህ ሥራ ይከብዳል። የውኃ እጥረት ከሕክምናው በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ታካሚዎችን ወደ ሆስፒታል ከሚመልሱ ምክንያቶች አንዱ ነው።

ስኳርን በተመለከተ የእኛ አካባቢ የተለየ ታሪክ አለው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 በኔዘርላንዱ ኩባንያ በኤች ቪ ኤ ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ስኳር ከቡናችንና ከሻያችን ጋር ተዋሕዶ ኖሯል። ጨጓራው ተቆርጦ ከአንጀት ጋር ለተገናኘለት ሰው ግን ሦስት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ፣ ለስላሳ መጠጥ ወይም ማር፣ ሳይታሰብ ወደ ትንሹ አንጀት በፍጥነት ይወርዳል። ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ሆድ ይቆርጣል፤ ልብ ይመታል፤ ላብ ያጠምቃል፤ ራስ ይዞራል፤ ተቅማጥም ይከተላል። በአንዳንዶች ላይ ደግሞ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት በኋላ የደማቸው ስኳር እጅግ ይወርድና ይዝለፈለፋሉ። ይህን ያየ ዘመድ «ቡዳ በላው» ወይም «መንፈስ ያዘው» ብሎ ከመጮኽ አስቀድሞ ምን እንደ ጠጣ ይጠይቅ።

የሕመም ማስታገሻም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። ራስ ምታትና ወገብ ሕመም ሲነሣ ከመድኃኒት ቤት ገዝተን የምንውጣቸው አይቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክና አስፕሪን፣ በተለይ ጨጓራን በሚያሳልፈው ቀዶ ሕክምና ላለፈ ሰው፣ በመገናኛው ላይ ቁስለት ሊፈጥሩ፣ ሊያደሙም ይችላሉ። ብዙውን ጊዜ በምትካቸው የሚመከረው ፓራሲታሞል ነው። ለማንኛውም ለሐኪሙና ለመድኃኒት ባለሙያው ቀዶ ሕክምናው መደረጉን አስቀድሞ መንገር ግዴታ ነው።

መ. ሦስተኛ ትምህርት፦ የማይታይ ረሃብ

ሰውየው ከስቶ፣ ልብሱ ሰፍቶት፣ ደረጃውን ሳይተነፍስ ወጥቶ ሲታይ ሁሉም «ዳነ» ይላል። እርሱም ዳንሁ ብሎ ያስባል፤ ቪታሚኑንም ይተዋል። ትልቁ አደጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጨጓራውና አንጀቱ ስለተለወጡ ብረት፣ ካልሲየም፣ ቪታሚን ዲ፣ ቪታሚን ቢ 12 እና ሌሎችም እንደ ቀድሞው ወደ ደም አይገቡም። ስለዚህ የታዘዘው ቪታሚን ለአንድ ወር ወይም ለአንድ ዓመት ሳይሆን ለዕድሜ ልክ የሚወሰድ ነው፤ ደምም በየጊዜው ይመረመራል።

የቢ 12 እጥረት ተንኮለኛ ነው። ጉበት ያከማቸው ለረጅም ጊዜ ስለሚያገለግል ጉድለቱ ቶሎ አይታይም። ሲታይ ግን የእግር መደንዘዝ፣ የደም ማነስ፣ የመርሳትና የመደንገዝገዝ ሁኔታ ይመጣል፤ የተጎዳ ነርቭም ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ከዚህ የሚፈጥነው ደግሞ የቪታሚን ቢ 1 እጥረት ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለተከታታይ ቀናት የሚያስመልሰው ሰው ዓይኑ ከተንሸዋረረ፣ አካሄዱ ከተንገዳገደ፣ ንግግሩም ከተዛባ፣ ለነገ የሚባል ሕመም አይደለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት። ክብደት በፍጥነት ሲቀንስ የሐሞት ጠጠር ሊፈጠር ስለሚችል፣ በቀኝ ጎን ከጎድን አጥንት በታች የሚሰማ ብርቱ ሕመምም ምርመራ ይፈልጋል።

እናቶችን የሚመለከት አንድ ነጥብ እንጨምር። ክብደት ሲቀንስ የመፀነስ ዕድል ብዙ ጊዜ ይጨምራል፤ ለዓመታት ልጅ ያጡ ባልና ሚስትም ሊያገኙ ይችላሉ። ነገር ግን ሰውነት ገና እየከሳ ባለበት ወቅት የሚመጣ እርግዝና እናቲቱንም ፅንሱንም ለምግብ እጥረት ያጋልጣል። ስለዚህ ሐኪሞች ከ12 እስከ 18 ወር መጠበቅን ይመክራሉ። ጋብቻ የሚያዘጋጁ መምህራን ይህን ቢያውቁ ጥንዶቹን ወደ ሐኪም በጊዜው ለመምራት ይረዳቸዋል።

ሠ. አራተኛ ትምህርት፦ ስለ ጾም

ከምእመናን በኩል የሚነሣው ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ጨጓራዬ የተቆረጠ ነኝና እንዴት ልጹም?» በአገራችን ልማድ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ይቆያል፤ ረቡዕና ዓርብም አለ። የጾም ምግባችን ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላና ጎመን ጥሩ ምግብ ነው፤ ፕሮቲንም አለው። ነገር ግን ከእንስሳት የማይገኝ ምግብ በተፈጥሮው ቪታሚን ቢ 12 የለውም። በሌላው ሰው ላይ ይህ በአንድ የጾም ወቅት ጉዳት አያመጣም፤ ቀድሞውንም የመቀበል አቅሙ ለቀነሰ ሰው ግን በጉድለት ላይ ጉድለት ነው። እስከ ቀትር ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ውኃ መቆየትም ከላይ የተናገርነውን የውኃ እጥረት ያመጣል፤ ከዚያም በኋላ የቀረውን በአንድ ጊዜ ለማካካስ አይቻልም።

የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሕመምተኛን ጤናውን በሚጎዳ ጾም አያስገድድም። ይህ ለደካሞች የተደረገ ቅናሽ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ የጾም ግብ ፍቅርና ንስሐ ስለሆነ ሰውነትን መጉዳት ከግቡ ውጭ ነው። እንደዚህ ያለ ሰው ሐኪሙን ከጠየቀ በኋላ ከቆሞሱ ጋር ቢመካከር፣ በምግብ ፋንታ ሌላ መሥዋዕት፣ ማለትም ምጽዋትን፣ ሕመምተኛን መጎብኘትን፣ ከነገር መቆጠብን ሊመርጥ ይችላል። ስለ ቅዱስ ቁርባንም፣ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የላቲን ሥርዓት ሕገ ቀኖና ከመቁረብ በፊት የአንድ ሰዓት ጾምን ሲያዝ ውኃንና መድኃኒትን ነፃ አድርጓል፤ ሕመምተኞችና አስታማሚዎቻቸውም በዚያ ሰዓት ውስጥ አንዳች ቢቀምሱ እንኳ መቁረብ እንደሚችሉ ደንግጓል። ብዙ ሕመምተኞች ይህን ባለማወቅ ከቁርባን ይርቃሉና እናሳውቃቸው። በግእዝ ሥርዓት ያሉት ደግሞ የየሀገረ ስብከታቸውን ደንብ ይጠይቁ።

በሌላ ወገን የማይጾም የሚመስለው ይህ ሰው በየቀኑ ምን እንደሚያደርግ እናስተውል። በልክ ይበላል፤ ያኝካል፤ ይጠብቃል፤ የሚወደውን ይተዋል፤ ይህንንም እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ያደርጋል። ለአርባ ወይም ለአምሳ አምስት ቀን የምንታገሠውን እርሱ ሳይቆጥር ይኖረዋል። በጾም ወራት ከገበታ ዳር ሆነን «ያ ሰው ገደፈ» ብለን ከመንሾካሾክ ይልቅ ከትዕግሥቱ ብንማር ይሻላል።

ረ. አምስተኛ ትምህርት፦ ሰው ምን ይላል?

በባህላችን «ወፈርክ፤ አማረብህ» ማለት ምርቃት ነው። «ከሳህ፤ ምን ነካህ?» ማለት ደግሞ ሐዘን ያዘለ ጥያቄ ነው። ረሃብን፣ የሳንባ ነቀርሳንና ኤች አይ ቪን ያየ ኅብረተሰብ መክሳትን ከሞት ጋር ማያያዙ አያስደንቅም። በዚህም ምክንያት በአንድ ዓመት ውስጥ 40 ኪሎ የቀነሰ ሰው ወደ አገሩ ሲመጣ፣ የደስታውን ዜና ይዞ ሳለ የለቅሶ ዓይን ይቀበለዋል። በስውር «ያ በሽታ ነው» ይባልበታል። እርሱም ሕክምናውን ቢናገር «ገንዘብ ከፍሎ ተራበ» ተብሎ እንዳይሳቅበት ይሸሽገዋል። የሸሸገ ሰው ደግሞ በገበታ ላይ የሚከላከልበት ምክንያት ያጣል፤ በግድ ይበላል፤ ይታመማል።

ጉርሻ የፍቅር ምልክት ነው፤ እንዲቀርም አንመክርም። ሆኖም «በሞቴ» እያሉ በአፍ ላይ ማስገደድ ፍቅሩን ሸክም ያደርገዋል። አንዲት ትንሽ ጉርሻ ከሰጠን በኋላ «በቃኝ» ሲል «ይብቃህ» ማለትን እንልመድ። ገበታው ላይ ብዙ ጊዜ አብሮ መቀመጥ፣ ቡናውን ያለ ስኳር ማቅረብ፣ ጨዋታውን መቀጠል፣ እነዚህ ሁሉ ማስተናገድ ናቸው። በታላቅ ሰው ፊት እምቢ ማለት ለሚከብዳቸው ወጣቶች ደግሞ የቤቱ እመቤት አስቀድማ «እሱን ተዉት፤ ሐኪም ያዘዘው አለ» ብላ ብትናገርላቸው ትልቅ ውለታ ነው።

ሰ. ሶደሬና ሙቁ ውኃ

ወደ ሶደሬ ለሚወርዱ ጥቂት ተግባራዊ ምክሮች እንስጥ። አንደኛ፣ ሙቅ ውኃ ስብን አያቀልጥም። ከውኃው ወጥቶ ሚዛን ላይ የሚታየው ቅናሽ የላብ ውኃ ብቻ ነው፤ ሲጠጡ ይመለሳል። ሁለተኛ፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅና ሐኪሙ ሳይፈቅድ በገንዳም ሆነ በፍል ውኃ ውስጥ ሊነከር አይገባውም፤ ቁስሉ ሊመረቅዝ ይችላል። ሦስተኛ፣ ሙቀት የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ የደም ግፊትን ያወርዳል። ጥቂት የሚበላና ጥቂት የሚጠጣ ሰው፣ በተለይም የቀድሞውን የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት በቀድሞው መጠን የሚወስድ ከሆነ፣ ከውኃው ሲነሣ ራሱን ሊስት ይችላል። ክብደት ሲቀንስ የመድኃኒቱም መጠን በሐኪም መከለስ አለበት። አራተኛ፣ በስምጥ ሸለቆ ብዙ የከርሰ ምድር ውኃዎች ጥርስንና አጥንትን የሚጎዳ ፍሎራይድ ስለሚበዛባቸው፣ ፍል ውኃን እንደ መድኃኒት መጠጣት አይመከርም።

ከዚህ ውጭ መዋኘትና በዛፎቹ ጥላ ሥር በእግር መሄድ ለጡንቻና ለመንፈስ ጠቃሚ ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ስውር ሐዘን አለ። ክብደት በብዙ ሲቀንስ ቆዳው ይላላል፤ ይንጠለጠላል። ስለዚህ ለዓመታት በውፍረቱ አፍሮ ከውኃ የራቀ ሰው፣ ከስቶም በቆዳው አፍሮ ሊርቅ ይችላል። ዓይናችንንና አንደበታችንን ብንጠብቅለት ወደ ውኃው ይገባል።

ሸ. ስድስተኛ ትምህርት፦ ሆድ ቢያንስም ልብ የያዘው አያንስም

ብዙ ሰው ሲያዝን፣ ሲጨነቅ፣ ብቻውን ሲሆን በምግብ ይጽናናል። ቀዶ ሕክምናው ይህን መጽናኛ በአንድ ቀን ይወስደዋል፤ ሐዘኑን ግን አይወስደውም። አንዳንዱ ያን ጊዜ ወደ መጠጥ ይዞራል። ጨጓራን በሚያሳልፈው ቀዶ ሕክምና ካለፉ በኋላ አልኮል በፍጥነት ወደ ደም ይገባል፤ በጥቂቱም ያሰክራል። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ የወጣ ጥናት የመጠጥ ችግር ከሕክምናው በኋላ በሁለተኛው ዓመት እንደሚጨምር አሳይቷል። ለጠላና ለጠጅ፣ ለቢራም፣ በየበዓሉ «አንድ ብቻ» እያልን የምንጋብዝ ሁሉ ይህን እናስብ።

ትዳርም ይፈተናል። እ.ኤ.አ. በ2018 ከስዊድን የተገኘ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ብቻቸውን የነበሩት ትዳር ወይም ጓደኛ የማግኘታቸው ዕድል ጨምሯል፤ በትዳር ወይም አብረው በመኖር የነበሩት ደግሞ የመለያየታቸው ቁጥር ካላደረጉት በልጦ ተገኝቷል። ምክንያቱን መገመት አያዳግትም። አንዱ ሲለወጥ ሌላው ይሰጋል፤ አብረው ይበሉ የነበሩት ገበታው ይለያያቸዋል፤ ቀድሞ በዝምታ የተሸፈነ ቅሬታም ይወጣል። ስለዚህ ሕክምናው የአንድ ሰው ሆኖ ዝግጅቱ የሁለቱም ሊሆን ይገባል። ታካሚው ያለ ልማዱ ዝም ካለ፣ እንቅልፍ ካጣ፣ መኖር አስጠላኝ ካለ፣ «ከስተህ ሳለ ምን ጎደለህ?» ከማለት ይልቅ መስማትና ወደ ባለሙያ ማድረስ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ውፍረትን ለመቀነስ የተፈቀዱ አዳዲስ በመርፌ የሚወሰዱ መድኃኒቶችም ብዙዎችን ወደዚሁ መንገድ እያመጡ ነው። እነርሱም የምግብን ፍላጎት ስለሚቀንሱ፣ ስለ ገበታ፣ ስለ ጉርሻና ስለ ብቸኝነት የተናገርነው ለነዚህም ሰዎች በአብዛኛው ይሠራል።

ቀ. ለተግባር

በእያንዳንዱ ቁምስና የሚከተሉትን ማድረግ ይቻላል። በጾም መግቢያ ላይ ሕመምተኞች ከቆሞሳቸው ጋር እንዲመካከሩ ማስታወቅ፤ በክፍል ውስጥ በሰውነት መጠን መቀለድን መከልከል፤ ከቀዶ ሕክምና የተመለሰን ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መጎብኘት፤ ቪታሚኑንና የምርመራ ቀጠሮውን እንዳይተው ማስታወስ። ቪታሚን ገዝቶ መቀጠል ያቃተው ቢኖር የቁምስናው የበጎ አድራጎት ኮሚቴ እንዲያስብበት ማድረግም ይገባል፤ ሕክምናውን ያገኘው በዘመድ እርዳታ ሆኖ ለዘወትሩ ወጪ አቅም የሌለው ሰው ሊኖር ይችላልና። ከሁሉም በላይ፣ ሰውየው ራሱ ካልተናገረ ምስጢሩን አለማውጣት።

ለቡድን ውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በቤታችን እንግዳ «በቃኝ» ሲል ምን እናደርጋለን? ፍቅርን ሳይቀንሱ ግፊቱን መቀነስ እንዴት ይቻላል?
2. በሆዳምነትና በውፍረት መካከል ያለውን ልዩነት ለ12 ዓመት ልጆች እንዴት ታስረዳላችሁ?
3. በጤናው ምክንያት ከምግብ መጾም የማይችል ምእመን በቁምስናችሁ ምን ዓይነት መሥዋዕት ሊያቀርብ ይችላል?
4. በድንገት የከሳ ወይም የወፈረ ሰው ስታዩ አስቀድማችሁ የምትናገሩት ቃል ምንድን ነው? በምን ብትለውጡት ይሻላል?
5. ሐኪም የሚከታተለው ሰው መድኃኒቱን ወይም ቪታሚኑን ሊተው ሲያስብ የጉባኤው አባል ምን ሊያደርግለት ይገባል?